በጫት ሰዓት የምትቆም መኪና

ይህ የሆነው አዲሱ የአዲስ አበባ ባቡር ናጋድ ጣቢያ መድረስ ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ሙቀቱ በሚያይልበት ወር ነው። የማልረሳው የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ መንገድ ላይ ልትወለድ ትንሽ ስለቀራት ነው።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ንግዱንም፣ ፈረንሳይኛውንም፣ መኪና መንዳቱንም ራሴ ነኝ የተማርኩት። ስለዚህ ለሰው የምሰጠው ምክር አላነሰኝም፤ በተለይ ስለ ጫት። ካርቲየ ሰባት ሰፈር የሚሠራው መካኒካችን ኑረዲን፣ የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ከእኔ የሰማውን ምክር ቢመነዝረው ሁለተኛ ጋራዥ በከፈተ ነበር።

በዚያ ሰሞን መኪናዬ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ማለት ጀመረች። ጥቂት ታርፍና ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ጠዋት ወደ ኑረዲን ስወስዳት ደግሞ እንደ አዲስ ነች። የመመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ የብልሽት ኮዱን አነበበ።

"የካምሻፍት ሴንሰር ነው የሚለው" አለኝ። ይህች ሴንሰር ሞተሩ በዙሩ የት እንደደረሰ ለመኪናዋ ኮምፒዩተር የምትናገር ናት። "ግን ስለካት ጤነኛ ናት። እሷ ትሁን ሽቦው አላውቅም። አዲስ ከዱባይ አዝዘን ሽቦው ሆኖ ቢገኝስ? ስትቆም ማየት አለብኝ።"

"የምትቆመው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲግል።"

"አቦ ጋሽ አብዱ፣ ሰባት ሰዓት ላይማ በርጫ ነኝ።"

እንግዲህ ይኸው ነው። መኪናዋ የምትታመመው በቀትር፣ ሐኪሟ የሚሠራው ጠዋትና ማታ። በዚያ ሰዓት ከተማው ጉንጩን በጫት ሞልቶ በርጫ ስለሚቀመጥ በሽታዋን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ኑረዲን ኮዱን ያጠፋል፣ እኔ ምክር እጨምርለታለሁ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ እንደገና ቀጥ። ይህ የሠለጠነ አሠራር ለሳምንታት ቀጠለ።

ታዲያ ልጄን ሐያትን ምጥ የያዛት በስንት ሰዓት ይመስላችኋል? ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። እሷንና ባለቤቴን ኋላ አስቀምጬ ከሰፈራችን ከጋቦዴ ወደ ሆስፒታል ተነሳሁ። ብትቆም እንኳ ለመካኒኩ ትቅረብ ብዬ በካርቲየ ሰባት በኩል ነዳሁ። እቅዴ ሠራ፤ ኑረዲን የሚቅምበት ቤት አጠገብ ቆመች።

ታክሲ ፈለግን፤ ጎዳናው ላይ ከፍየል በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ሐያት ታቃስታለች።

"በል እንግዲህ ሞተሩን ምከረው" አለችኝ ባለቤቴ። "ያልመከርከው እሱ ብቻ ነው።"

ደጁ ላይ ቆሜ ስጣራ ኑረዲን አንድ ጉንጩን ወጥሮ ወጣ። ሐያትን ሲያይ ደነገጠ። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ሙቀቱ ሲገርፈው ግን ፊቱ በራ።

"ግላለች። ማንም ቁልፉን እንዳይነካ።"

ልጄ እያማጠች እሱ ከጋራዡ ማሽኑን አምጥቶ መለካት ጀመረ። ልመክረው አሰብኩና ትቼው ለሐያት አራገብኩላት።

"ሽቦው ደህና ነው፤ ሴንሰሯ ግን ዝም ብላለች" አለና ቤት ውስጥ ወደሚቅሙት ጓደኞቹ ዞረ። "ጀመዓ፣ የበረዶ ውሃችሁን አምጡ።"

የሚቅም ሰው በጅቡቲ ቀትር የበረዶ ውሃውን ለማንም አይሰጥም። እነዚያ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወጡ። ኑረዲን ጨርቅ ነክሮ ሴንሰሯ ላይ ጠመጠመ፣ ጥቂት ጠበቀ።

"አሁን አስነሳ።"

ተነሳች።

"ሴንሰሯ ራሷ ናት፤ ሲሞቃት ነው የምትሞተው" አለና የቀሩትን ጠርሙሶች አቅፎ ከጎኔ ገባ። መንገድ ላይ ደግማ ቆመች፤ ዘሎ ወርዶ አጠጣት። ሐያትም ድርሻዋን ጠጣች። ሆስፒታል ከገባች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

አዲሷ ሴንሰር መጥታ ተቀየረች፤ መኪናዋም ከዚያ ወዲህ በቀትር አልቆመችም። ለኑረዲን የሥራውን ከፈልኩት። ለውሃው ልክፈል ብዬ ስሄድ ግን ሰዎቹ እምቢ አሉ።

"ገንዘብህን ያዝ አብዱ" አለኝ በዕድሜ እኩያዬ የሆነው። "አንድ ቀን መጥተህ አብረኸን ተቀመጥ። አትቅም። ብቻ አትምከረን።"

ሄጄ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ጫትን ያን ቀንም አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደውም፤ ልጆቼንም ከልክያለሁ፣ ትክክልም ነኝ። ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ፣ የሰጡኝን የበረዶ ውሃ እየጠጣሁ ዝም አልኩ። ራሴን ብዙ ነገር አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ትምህርት ግን የለም።