የጠመኔው መስመር ለማን ይደርሳል?

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ሜትሮ ይለዋል፤ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ። ዕድሜውን ሙሉ ኮትና ቀሚስ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ ከጎኑ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ሜትሮ ማመንታት አያውቅም ነበር። መቀሱ ጨርቁን ከነከሰ በቃ፣ አለቀ።

እንዲህ ያለውን ሰው ያበላሸብኝ የልጄ እጮኛ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ጨዋ ነው፣ እንከን አይወጣለትም፤ ምላሱ ግን አርፎ አይቀመጥም። የሙሽራዋ ቀሚስ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሜትሮ በጠመኔ አስምሮ መቀሱን አንስቷል። ልጁ ሆዬ ዘው አለና፣

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄ መስመር ምንም ውፍረት ባይኖረው፣ ሲቆርጡት ለግራው ነው የሚደርሰው ለቀኙ?»

«ለግራው ነዋ!» አለ ሜትሮ።

«ታዲያ ቀኙ ከየት ይጀምራል? ከሚቀጥለው ነጥብ እንዳይሉኝ፤ የሚቀጥል የሚባል ነጥብ የለም። በየትኞቹም ሁለት ነጥቦች መሐል ሁሌ ሌላ ነጥብ አለ። የጥንት ሊቃውንትም ሲጨቃጨቁበት ነው የኖሩት።»

ይህን ብሎን ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ሜትሮ መቀሱን አስቀመጠ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ጨርቁን አክስቷ ናት ከሩቅ ያመጣችው፤ ሌላ አይገኝም። ከተበላሸ ልጄ በተውሶ ቀሚስ ልትዳር ነው። እሱ ግን ጠመኔውን በምላጭ ያሾላል፣ ያሰምራል፣ ያራግፋል፣ እንደገና ያሰምራል።

«ኧረ በፈጠረህ ቁረጠው!» አልኩት።

«አሁንም ስፋት አለው፣ አየሽ? መሐሉ የቱ ጋ ነው?»

«መሐሉ ገደል ይግባ!»

ጮህኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገብቶኛል። ቁልፍ እየተከልኩ፣ ቀዳዳው የጨርቁ ነው የቁልፉ ስል ራሴን ያዝኩት። ምን ጉድ ነው!

ዓርብ ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገሩ የጨርቁ ብቻ አይደለም» አለኝ። «ዛሬ የኛ ልጅ ናት። እሑድ የሰው ሚስት ናት። የኛ የሆነችበት የመጨረሻዋ ደቂቃ የቷ ናት? የሱ የምትሆንበት የመጀመሪያዋስ?»

መቀሱን አንስቼ እጁ ላይ አደረግኩለት፣ ክንዱንም ያዝኩለት። ቆረጠ። ከዚያ ሁለቱን ቁራጭ አንስተን ብናይ፣ ጠመኔው እዚህም ትንሽ አለ፣ እዚያም ትንሽ አለ። ይሄ ደግሞ ይባስ አደናገረን።

ቀሚሱ ደረሰ፤ ልክክ አለላት።

እሑድ መኪናው ደጅ ሲቆም ልጃችን ስማን ተነሳች። ሜትሮ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም፤ እኔም እንደዚያው። ያቺ ደቂቃ እንዳታመልጠን ብለን አላለቀስንም እንኳ። ጫማዋ የበሩ ደፍ ላይ ነበር። ከዚያ መኪናው ውስጥ ሆና እጇን ታወዛውዛለች።

«መቼ ወጣች?» አለኝ ሜትሮ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «እያየኋት ነበር።»