የጀልባው ሞተርና ኦቦ ዋሪዮ

ይህ ነገር የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ ምንም ባላጠፉ ሽማግሌ ላይ ጣቴን የቀሰርኩት እኔ ነኛ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ነገሌ ቦረና ተመድቤ፣ ገናሌ ወንዝ ዳር በነበረች ትንሽ ካምፕ እሠራ ነበር። ሥራችን ድልድይ ከመሠራቱ በፊት የወንዙን ጥልቀትና ፍጥነት መለካት ነው። ለዚህ አንዲት ጀልባ ነበረችን፤ ከኋላዋ ያረጀ የቤንዚን ሞተር ተገጥሞላታል። ነጂውም ጠጋኙም እኔ ነበርኩ።

የካምፑ ዘበኛ ኦቦ ዋሪዮ ይባላሉ። የአሬሮ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ጠዋት ከድንኳኔ ስወጣ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ፣ ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። ጥቂት ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወባ የያዘኝ ጊዜም ሦስት ቀን አጠገቤ ቁጭ ብለው ውኃ ያጠጡኝ እሳቸው ነበሩ።

በበልጉ ዝናብ መካከል ሞተሩ ያስቸግረን ጀመር። ቤንዚን ሲሰጡት ጥሩ ይሄዳል። ሚኒሞ ላይ ሲያደርጉት፣ ማለትም ቀዝቀዝ ብሎ እንዲሠራ ሲተዉት፣ ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ለእኛ ደግሞ ዋናው ሚኒሞው ነው። ጀልባዋን ወንዙ መካከል በዝግታ ይዘን ካልቆየን መለካት አንችልም።

አንድ ቀን ከሁለት ሠራተኞች ጋር መካከል ላይ እንዳለን ጠፋ። ገመዱን ደጋግሜ ሳብኩ፤ አልነሳ አለ። ውኃው እያሽከረከረ ወደ ታች ይዞን ሄደ። ገናሌ አዞ አለው። ያዘመመ ዛፍ ቅርንጫፍ አግኝተን በእሱ ዳንን። አንደኛው ሠራተኛ የአምስት ልጆች አባት ነበር፤ ዳር ስንወጣ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። እሳት የሚያጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቼ አጸዳሁ፣ ኋላም ቀየርኳቸው። ያው ነው። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራቶር ፈትቼ አጠብኩ። የሚኒሞዋን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ ሩብ ዙር አላላሁ። አንድ ቀን ይሻለዋል፤ በማግስቱ ይብሳል። ቤንዚን የሚያመጣው ጎማ ተቀዶ ይሆናል ብዬ በሌላ ለወጥኩ። እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ካምፑ ውስጥ ካሉት የቤንዚን በርሜሎች ከአንዱ በጠርሙስ ቀድቼ አስቀመጥኩ። ሲረጋ ከታች አንድ ጣት የሚያህል ውኃ ታየኝ።

ውኃ ቤንዚን ውስጥ በራሱ አይገባም አልኩ። ሰው ቤንዚኑን እየቀዳ ሸጦ፣ እንዳይታወቅበት ውኃ ጨምሮበታል። በርሜሎቹን የሚጠብቁት ደግሞ ኦቦ ዋሪዮ ብቻ ናቸው።

አላመነታሁም፤ ለአለቃችን ነገርኩት። አስጠርቶ ጠየቃቸው። እሳቸው አለቃውን አላዩትም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ ያልከው?» አሉኝ።

«ጠርሙሱን ራስዎ ይዩት» አልኩ።

ጠርሙሱን አላዩትም። ብርድ ልብሳቸውንና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አለቃው «በስርቆት ተሰናብቷል» ብሎ ጽፎ ፈረመና ፋይል ውስጥ ከተተው።

አዲስ ዘበኛ ተቀጠረ። እኔም በርሜሎቹን በእሾህ ሽቦ አጥሬ በር አበጀሁለት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እንደገና ጠፋ። ጠርሙሱን ቀዳሁ። ውኃው አለ።

በዚያው ሰሞን አቶ በቀለ የሚባሉ ሜካኒክ ከሻኪሶ ወደ ነገሌ ሲያልፉ ካምፓችን አረፉ። ሞተሩን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። እሳቸው ሞተሩን ትተው በርሜሎቹን ያያሉ።

«እነዚህን ማን ነው ያቆማቸው?»

«እኔ ነኝ። ተጋድመው ለመቅዳት አይመቹም።»

«ቆሞ የሚያድር በርሜል አናቱ ላይ ዝናብ ይይዛል» አሉኝ። «ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሲቀዘቅዝ ያንን ውኃ በክዳኑ ጥግ ስቦ ያስገባዋል። ውኃው ካርቡራቶሩ ሥር ይተኛል። ቤንዚን በኃይል ስትሰጠው አብሮ ያልፋል፤ ሚኒሞ ላይ ግን ቀጭኗን ቀዳዳ ይዘጋታል። ሞተርህ ምንም አልሆነም።»

ዝናቡ ሲጀምር በርሜሎቹን ሳቆማቸው ኦቦ ዋሪዮ «ተኝተው ይሻላል» ብለውኝ ነበር። እኔ ክዳኑ ጠብቋል ብዬ ስቄ አልፌያለሁ።

በርሜሎቹን አስተኛን፤ ውኃውን አስወጣን፤ ካርቡራቶሩን እንደገና አጠብን። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እኔ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

በሳምንቱ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛሁና ከብት ነጋዴ መኪና ላይ ተሳፍሬ አሬሮ ሄድኩ። ቤቱን ጠያይቄ አገኘሁት። ባለቤታቸው አዴ ቱሜ ስሜን ስነግራቸው ሁለት እጄን ይዘው በሰላምታ ተቀበሉኝ።

«ናጋ! ናጋ! ተስፋዬ አንተ ነህ? ነገሌ ልጅ አለኝ እያለ ያወራል። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሥራውን ተወ። ደግ አደረገ፤ አርጅቷል እኮ።»

ያኔ ገባኝ። በስርቆት መባረራቸውን ለማንም አልተናገሩም።

ኦቦ ዋሪዮ ከከብቶቹ ሲመለሱ እኔን አይተው በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ብድግ አልኩ።

«ኦቦ ዋሪዮ፣ የመጣሁት ስለዚያ...»

«ቁጭ በል» አሉኝ ቶሎ ብለው። «እንግዳ ቆሞ አያወራም። ወተትህን ጠጣ።»

ጠጣሁ። አዴ ቱሜ ስለ ወባዬ ጠየቁኝ፤ የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ።

ሊሸኙኝ መንገድ ስንወጣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም እንዳልሰረቀ፣ በርሜሎቹን አቁሜ ውኃ ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«አራት ቀን በእግሬ ነው የመጣሁት» አሉ። «መንገዱን ሁሉ ለቱሜ ምን እላታለሁ እያልኩ ነበር። ሌባ ተባልኩ ልበላት? ዋቃ ያውቃል ብዬ ተውኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ቤቴ መጥተሃል፤ ወተቴን ጠጥተሃል። ከእኔ ጋር አልቋል። ያ ወረቀት ግን አላለቀም። ልጄ ተማሪ ቤት ገብቷል፤ ነገ መሥሪያ ቤት ይገባል። የአባቱን ስም እንዲያ ተጽፎ እንዳያገኘው።»

ነገሌ ስመለስ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በጽሑፍ አቀረብኩ። አለቃው «ራስህን ነው የምትጎዳው፤ ሽማግሌው እንደሆነ ሄዷል» አለኝ። አልተውኩትም። እኔ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ያ የስርቆት ወረቀት ግን ተሰረዘ፤ ኦቦ ዋሪዮ ሥራቸው ላይ እንዲመለሱ የሚል ደብዳቤም ማኅተም ተደርጎበት ወጣ። ለከብት ነጋዴው ሾፌር ሰጥቼ «በእጃቸው ብቻ፤ ሌላ ሰው ፊት አትስጣቸው» ብዬ አደራ አልኩት።

ሾፌሩ ሲመለስ እንዲህ አለኝ፦ «ከብት ሲያጠጡ ብቻቸውን አገኘኋቸው። አንብብልኝ አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው ወረቀቱን አጥፈው ከተቱና መልሰው ጠመጠሙት። ሥራውን ግን፣ ጉልበቴን ያመኛል በልልኝ ብለዋል።»

በዓመቱ ወደ ሰሜን ተዛወርኩ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። ዛሬ እኔ የኦቦ ዋሪዮን የዚያን ጊዜ ዕድሜ አልፌያለሁ። ይቅር እንዳሉኝ አምናለሁ፤ እሱ አያስጨንቀኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ አሬሮ ድረስ የሄድኩ ሰውዬ፣ ጥፋቱ ካለፈ በኋላ እሳቸውን እንደ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ አልሄድኩም።