የአሚ ሳሊም ሮዝ ወተት

ካላሚን የሚባለው የቆዳ መድኃኒት ሲሸተኝ የ1997 ዓ.ም. ሐምሌ ይመጣብኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። ትኩሱ ነፋስ የጅቡቲ ሰፈራችንን ካርቲዬ ሁለትን በአቧራ ሞልቶት፣ ጀርባዬን የሙቀት ሽፍታ ወርሶት ነበር። እናቴ ያንን እርጥብ ጠመኔ የሚሸት ሮዝ ፈሳሽ ትቀባኛለች፤ ቀዝቅዞ ሲነካኝ እስቃለሁ።

የሚያቀዘቅዘው የአሚ ሳሊም ፍሪጅ ነው። አሚ ሳሊም፣ አጎቴ ሳሊም እንደማለት፣ የመናዊው ባለሱቃችን ነበር፤ ሽርጡ ሁልጊዜ ሊፈታ የደረሰ የሚመስል፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። በሰፈራችን ፍሪጅ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር የአንዱ ዓሣ፣ የሌላው ቅቤ እዚያው ያድራል። ለልጆች ደግሞ ወተት በቀይ ሽሮፕ በጥብጦ በውሃ ጠርሙስ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን እናቴ ከጎረቤት ጋር የገዛችውን ካላሚን ተካፍላ፣ ድርሻዋን በውሃ ጠርሙስ ገልብጣ፣ እሱ ሶላት ላይ ሳለ ፍሪጁ ውስጥ አኖረችው። ከሰዓት በኋላ ጠምቶኝ ሄድኩ። ብርጭቆ ሞላልኝና "ጠጪ፣ ያ ቢንቲ" አለኝ፣ ልጄ ሲል በዓረብኛ። ቶሎ ቶሎ ዋጥኩት። ጠመኔው ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ሆዴን ይዤ ጮኽኩ።

እናቴ ሮጣ መጣች፤ ጠርሙሱን አየች።

"የሚቀባ መድኃኒት ነው! እመቤቴ ድረሺልኝ!"

አሚ ሳሊም ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቆ የቀረውን ጨለጠው።

"አበድክ እንዴ?" አለች እናቴ።

"እሷን ያገኛት እኔንም ያግኘኝ፣ ኡም ሂሩት!" የሂሩት እናት ማለቱ ነው።

ታክሲ ውስጥ እናቴ ጠርሙሱን ታቅፋ "ጥፋቱ የኔ ነው" ትላለች፤ እሱ "ወላሂ የኔ ነው" ይላል።

"መጀመሪያ ልጅቷ ትዳን፤ ጥፋቱን ከዚያ ትካፈሉታላችሁ" አለ ሾፌሩ።

ሆስፒታል ነርሷ ጠርሙሱን አሽትታ እኔን ስትመረምር ቆየች። ቀና ስትል የአሚ ሳሊምን ሮዝ ጢም አየች። "እሷስ ልጅ ናት። አጎቴ፣ እርስዎን ማን አጠጣዎት?" አለችው በሶማሊኛ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች።

ጎን ለጎን አስተኙን። ሆዴ ሲቆርጠኝ፣ ሲያስመልሰኝ፣ እናቴ በአንድ ወገን እመቤቴን ትማጸናለች፤ እሱ በሌላው መቁጠሪያውን ያንከባልላል። ሲመሽ ሐኪሙ "ድናለች" አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን"ና "አልሐምዱሊላህ" እኩል ወጡ።

ሱቁ ዛሬ የሌላ ሰው ነው። አሚ ሳሊምን አምላክ በደግ ቦታ ያኑረው። ልጆቼ "እማ፣ ለምን ሁልጊዜ አንቺ ቀድመሽ ትቀምሻለሽ?" ሲሉኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ።

ያኔ ከሆስፒታል በወጣን ማግስት ጠዋት ሱቁ አልተከፈተም። ከውስጥ ግን የአሚ ሳሊም ሳል ይሰማ ነበር። የብረት በሩን በመዳፌ መታሁት።

"አሚ ሳሊም፣ ጠማኝ!"

ደግሜ መታሁ። በሩ ጥቂት ገርበብ አለ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ወተቱን ቀዳ፣ አስቀድሞ ራሱ ተጎነጨ፣ ጣራ ጣራውን እያየ ጠበቀ። ከዚያ ሰጠኝ።

ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት።