የአርዲስ ባለቃታ ዘንጎች

አርዲስ ኬቱነን ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ በወጣች ጊዜ፣ የት ትገኝ ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቶርቫልድ ሐይቅ መኪና የሚሸከም በረዶ እስኪጋግር ድረስ ቤቷ ናት፤ ከጋገረ በኋላ ሐይቁ ላይ ናት። ባሏ ሬይኖ በገዛ እጁ የሠራትን አንዲት ክፍል የእንጨት ጎጆ በፒካፗ ጎትታ ታወጣና ጥልቁ ከሚጀምርበት ላይ ታቆማታለች። ወለሉ ላይ በተተዉት ሁለት ክፍተቶች በኩል በረዶውን በሞተር መሰርሰሪያ ትበሳለች፣ ምድጃዋን ታቀጣጥላለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓሣ መጠበቅ ነው።

ሬይኖ በሕይወት ሳለ የሚጠብቁት በዝምታ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ዓሣ ሲያጠምድ ግን ሌላ ሰው ነው። ዓይኑን ከማጥመጃ ዘንጉ ጫፍ አይነቅልም። አርዲስ ስለ ልጃቸው ወይም ስለሚያፈሰው ጣሪያ ካነሳች ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። እሱ ከሞተ በኋላም ዝምታው ጎጆዋ ውስጥ ቀረ፤ አርዲስ ብቻዋን ሆና እንኳ ማንጎራጎር ይከብዳት ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጣቶቿ ከዷት። ቁርጥማቱ አውራ ጣቷን ያዘና ሌሎቹንም እያዳረሰ ሄደ። ዓሣው መጥቶ መንጠቆው ላይ ያለችውን ትንሽ ዓሣ ጎሸም ሲያደርጋት አርዲስ ይሰማታል፤ ነገር ግን ዘንጉን ጨብጣ ሽቅብ እስክትመነጭቀው ድረስ ሌባው በልቶ ሄዷል። አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት ባዶ ባልዲ ይዛ ተመላለሰች።

ከአጠገቧ ጎጆውን ያቆመው ሃርላን ብሬኬ ደግሞ ይህን ዓይቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ሃርላን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ በከተማዋ ያላንኳኳው በር፣ ያልተጣላው ውሻ የለም።

"አርዲስ!" ይላታል ባልዲዋን አጮልቆ እያየ። "ዓሦቹን ትቀልቢያቸዋለሽ አሉ! እታች ስምሽን እየጠሩ ነው የሚመርቁሽ።"

"ያንተን ስም ደግሞ ሲሰሙ ነው የሚሸሹት" ትለዋለች፤ በሩንም ላዩ ላይ ትዘጋለች። ከዘጋችው በኋላ ግን እጆቿን አገላብጣ ታያለች፤ ሳቋም ይጠፋል።

በተከታዩ ዓመት ሐይቁ እንደጋገረ፣ መንጠቆው ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ዓሦች ልትገዛ የማጥመጃ ዕቃ ወደምትሸጠው ወደ ዶርሊን ሱቅ ጎራ አለች። ዶርሊን ገንዘቡን ስትቀበል የአርዲስ ጣቶች ላይ ዓይኗ አረፈ።

"እጅሽ እንዴት ሆነልሽ?"

"እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። ዘንድሮ ጎጆውን ሳልሸጠው አልቀርም።"

ዶርሊን ወደ ጓዳ ገባችና የዘንግ መቀመጫ የሚሆን ባለ እግር ብረት ይዛ ወጥታ ባንኮኒው ላይ አቆመችው።

"ምንድን ነው ይሄ? የአይጥ ወጥመድ?"

"ዝም ብለሽ እዪ።" ዶርሊን አጭር ዘንግ መቀመጫው ላይ ሰካች፤ ጫፉን እንደ ደጋን ወደ ታች አጎበጠችና ከትንሽ ቃታ ጋር አያያዘችው። "ዓሣው ክሩን ሲስበው ቃታው ይለቃል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይዘላል፤ መንጠቆውም ዓሣው አፍ ውስጥ ይሰካል። አንቺ መጎተት ብቻ ነው። እንዲህ!" ብላ ክሩን ነካ ብታደርገው ዘንጉ ጧ! ብሎ ተፈናጠረና መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ አንስቶ ትንንሾቹ ዓሦች ገንዳ ውስጥ ወረወረው።

አርዲስ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ።

"ሬይኖ ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር?"

"ሬይኖ?" አለች ዶርሊን፣ ክንዷን ገንዳው ውስጥ እንደከተተች መነጽሯን እየፈለገች። "ሬይኖማ ዝም ነበር የሚለው።"

አርዲስ ሁለት ገዛች።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም ዘንጎች አጉብጣ ቀዳዳዎቹ ላይ አቆመቻቸውና ተቀመጠች። እጆቿ ጭኗ ላይ ሥራ ፈቱ። የሚጨበጥ ነገር የለም፤ ዓይን የሚተከልበትም የለም። ሳታስበው የድሮ የዳንስ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ አንደኛው ዘንግ ጧ! ብሎ ቀጥ አለ። አርዲስ ከበርጩማዋ ተወርውራ ክሩን በሁለት መዳፎቿ እየጠቀለለች ጎተተች፤ ጎኑ እንደ ወርቅ የሚያበራ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ዎልአይ የሚሉት ዓሣ ከቀዳዳው ብቅ ሲል እሪ ብላ ጮኸች።

ሃርላን የበረዶ መዛቂያ ጭልፋውን እንደያዘ፣ ያለ ኮፍያ፣ እየተንሸራተተ መጣ።

"ምን ሆንሽ? በረዶው ተከፈተብሽ?"

"ዓሣ ያዝኩ!"

ሃርላን ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየና ዓሣውን አየ፤ ከዚያ ብረቱን አየ፤ ፊቱን አጨፈገገ።

"ማነው የያዘው? አንቺ ነሽ ወይስ ይሄ?"

"በማን ቀዳዳ ነው የወጣው?"

"ሰው በእጁ የማይይዘው ዓሣ ዓሣ አይደለም። ማሽኑ ካጠመደው ማሽኑ ይብላው!"

"ማሽኑ አይበላም። አንተ ግን ትበላለህ። ግባና በሩን ዝጋ፤ ብርዱን አስገባህብኝ።"

ገባ። አርዲስ ከቤት ያመጣችውን የዱር ሩዝ ሾርባ ምድጃው ላይ አሙቃ ሰጠችው። ሁለት ሳህን በላ፤ ሁሉንም የጨረሰው ብረቱን በክፉ ዓይን እያየ ነበር።

በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። "ሲሳሳት ለማየት ነው የመጣሁት" አለ። በሦስተኛው ቀን ካርታ ይዞ መጣ፤ "ሲሳሳት እስኪታይ ጊዜ ማሳለፊያ" ብሎ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፍጠሩን ተወው።

እንዲህ ተጀመረ። ዘንጎቹ ጎብጠው ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ ካርታ ይጫወታሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ያወራሉ። ሃርላን አንዲት ባልቴት ለራሷ ደብዳቤ እየጻፈች በየሳምንቱ በእሱ እጅ ትቀበል እንደነበር ነገራት። አርዲስ ደግሞ ልጆቹ አውቶቡሷ ውስጥ አሳማ ደብቀው ትምህርት ቤት ያደረሱበትን ቀን ነገረችው። የወሬው ጣፋጭ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጧ! ይላል፤ አርዲስ ካርታዋን ጥላ ትነሣለች።

"ተነሥቼ ስመለስ ሁልጊዜ የምታሸንፈው ለምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን።

"ዓሣው ዕድል ይዞልኝ ስለሚመጣ።"

"ካርታዬን እያየህ ነው!"

"እኔ? ያገር ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ሲያልፍ አንድ ቀን ያልከፈትኩ ሰው?"

ብዙም ሳይቆይ የሃርላን ጎጆ ጭስ አልባ ሆነች። ዓሣ አጥማጆቹ መኪናቸውን ቀስ እያደረጉ በመስኮት ይለክፉታል፦ "ሃርላን፣ ጎጆህ ሞተች እንዴ? የቀብሩን ቀን ንገረን!" እሱ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። አርዲስ ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች፤ ቢሆንም ደስ ይላታል።

ፀሐይዋ በረዶው ላይ ዓይን በምታጥበረብርበት አንድ ጥርት ያለ ቀን ሃርላን ጺሙን ተላጭቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ መጣ። አርዲስ አየች፤ እንዳላየች ሆነች። ካርታ መጫወት ጀመሩ። ክፍት ሆኖ የመጣለትን ድል አሳለፈ። በመጨረሻ ካርታውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አርዲስ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። እንዳትስቂ።"

"ምን ተገኘ?"

"ይሄ… ሁለት ምድጃ ማንደድ የእንጨት ብክነት ነው። ሐይቁ ላይ ብቻ አይደለም። ከተማም ያው ነው። አንቺ እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ ማዶ። እና እኔ እያሰብኩ የነበረው… ብንጋ—"

ጧ!

ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሳያበቃ እንደገና ጎበጠ፤ መቀመጫው ራሱ ወደ ቀዳዳው ተንሸራተተ። ሃርላን ተወርውሮ የብረቱን እግር ያዘ፤ አርዲስ ዘንጉን ነጥቃ አነሣች። ክሩ እየጮኸ ወረደ።

"ልቀቂለት! ክሩን ልቀቂለት!"

"እየለቀቅሁለት ነው! አንተ መንገድ ልቀቅ!"

ሲሄድ ስትለቅ፣ ሲቆም ስትጠቀልል ቆየች። ጣቶቿ ሲዝሉ ሃርላን መዳፉን በመዳፏ ላይ አድርጎ አብሯት ጠቀለለ። በመጨረሻ ቀዳዳው በጥቁር አረንጓዴ ራስ ተሞላ፤ ጥርሱ እንደ መጋዝ የተሰደረ፣ ፓይክ የሚባል ትልቅ ዓሣ ነበር። ራሱ አለፈ፤ ትከሻው ጋ ተቀረቀረ።

ሃርላን በሆዱ ተኛ። እጅጌውን ለመሰብሰብ ጊዜ አላገኘም፤ ክንዱን በዓሣው ጎን እስከ ብብቱ ውኃው ውስጥ ከተተ። ከሥሩ ደግፎ አንድ ጊዜ ሲመነጭቀው ዓሣው ተስፈንጥሮ ወጣና እሱም በጀርባው ወደቀ፤ ዓሣው ደረቱ ላይ ቆሞ በጅራቱ ግራ ቀኝ በጥፊ ያጠናግረው ጀመር። ካርታዎቹ ተበተኑ፤ ንግሥቲቱ ቀዳዳው ውስጥ ስትሰምጥ አርዲስ አየቻት።

"አንሺልኝ!" ይላል ሃርላን ከዓሣው ሥር። አርዲስ ግን ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ፈርሳለች፤ ቆይቶ እሱም እዚያው እንደተኛ መሳቅ ጀመረ።

ያ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዝ በበረዶ ውኃ ርሶ ላዩ ላይ ተጣበቀ። አርዲስ አወለቀችለትና ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ የኖረውን የሬይኖን የሱፍ ሹራብ አለበሰችው፤ ጠበበው፤ እምብርቱ ታየ። ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"ቅድም ምን ልትለኝ ነበር?"

"ረ… ረሳሁት።"

"እኔ አልረሳሁትም። 'ብንጋ' ብለህ ነው ያቆምከው።"

ሃርላን እሳቱን አየ፤ ዓሣውን አየ። "ብንጋራ ልል ነበር። ምድጃውን።"

"ሃርላን።"

"እሺ። ብንጋባ።"

አርዲስ እርጥብ ጸጉሩን በፎጣ እያሸች ትንሽ አቆየችው፤ እንዲቸገር ስለፈለገች ብቻ።

"ዓሣዋን ስላወጣሁላት ነው እሺ ያለችው እንዳትል" አለችው። "ሸሚዙን ሳይ ነው እሺ ያልኩት።"

የተጋቡት በረዶው መላላት በጀመረበት ሰሞን ነው። ፓይኩ በኮምጣጤና በሽንኩርት ተዘፍዝፎ ለድግሱ ቀረበ፤ ዶርሊን እንግዳው ሳይቀርብ ከሳህኑ በማንኪያ እየሰረቀች ስትበላ ተያዘች። ሙሽሮቹ ወደ ቤት ሲሄዱ የአርዲስ ፒካፕ ከድግሱ ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሃርላን ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከኋላ ሲገፋ ጎማው ተሽከረከረና ጭቃውን ከራሱ እስከ ጫማው ረጨበት። ከመስተዋቱ ውስጥ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ነበሩ። አርዲስ መሪው ላይ ተደፍታ በሳቅ ስትንፈቀፈቅ እግሯ ከነዳጁ ላይ ተነሣ፤ መኪናዋም እንደገና ሰመጠች፤ ድግስተኛው ሁሉ የክት ልብሱን እንደለበሰ ሊገፋ መጣ።