ያልተሸጠው አጥቂ

ታናሽ ወንድሜ ሪያድ ሄዶ ሹፌር ከሆነ ወዲህ የምንገናኘው በፋንታሲ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር። መካነ ሰላም ያሉ አብሮ አደጎቻችንን ጨምረን በስልክ የራሳችንን ሊግ ከፈትን። በተሰጠህ ገንዘብ የእንግሊዝ ተጫዋቾችን ትገዛለህ፣ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ታገኛለህ። ዋጋቸውን የሚወስነው ሕዝቡ ነው፤ ሰው ሲሻማበት ይወደዳል፣ ሰው ሲሸሸው ይረክሳል። ወንድሜ በዚህ ጉድ ነበር። ወረኢሉ ገበያ በግ ሲነግድ የለመደው ዓይን ስላለው፣ ያነከሰ ተጫዋች ካየ ዋጋው ሳይወርድ ይሸጠዋል። እኔ ለወደድኩት ስለማዝን ሁሌ እከስራለሁ። በነጥብ በቀደመኝ ቁጥር ይደውልና «ጋሼ፣ ከኋላዬ አቧራው እንዴት ነው?» ብሎ ይስቅብኛል።

በጥር አንድ አጥቂ ጉልበቱን ተጎዳ። ሰው ሁሉ ሸጠው፣ ዋጋው በየሳምንቱ ወረደ። በወንድሜ ቡድን ውስጥ ግን ቁጭ ብሏል። ደስ አለኝና ግሩፓችን ላይ «ምነው፣ ዓረብ አገር እንቅልፍ ረከሰ እንዴ? ሰውየው እኮ እየወረደብህ ነው!» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጓደኛችን ብቻ «አብሽር፣ ኔትወርክ ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። ሌሎቹ ዝም አሉ። እኔ ጭራሽ ብሶብኝ ስቀልድበት ሰነበትኩ።

አንድ ማለዳ፣ ሌሊት የተለወጠውን ዋጋ ለማየት ስልኬን እንዳነሳሁ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባታችንና የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው ያ «አብሽር» ያለኝ ጓደኛዬ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። እናቴ ገና ሳይናገሩ ጮኸች። ወንድሜ በመኪና አደጋ ከሞተ ሰንብቷል።

ሊጉ በሙሉ ያውቅ ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶውን እስኪያረዳ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግን ያን ሁሉ ቀልዴን እያነበቡ እንዴት ቻሉት? እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ለምን አትሸጥም እለው ነበር።

ከአርባው በኋላ ሊጉን ከፈትኩት። አጥቂው ድኖ ጎል ማግባት ጀምሯል። የሸሸው ሰው ሁሉ ተመልሶ ይሻማበታል፣ ዋጋውም እየወጣ ነው። በወንድሜ ቡድን ውስጥ አሁንም አለ፤ ነጥብ ይሰበስብለታል።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ቀደመኝ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እስኪመሽ ጠበቅኩ። አልደወለም።