ለጊታሪስቱ የተሰጠው ዜማ

ባለቤቴ በወጣትነቷ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ትዘፍን ነበር። የዘፈኖቿን ዜማ የምትደርሰው ራሷ ነበረች፤ ጊታሪስቱ ኖታ ስለማያነብ በአፏ እያዜመች ታስጠናው ነበር። ይህን ሁሉ፣ ቤታችን እየተመላለሰች ለጠየቀቻት ደራሲ ነግራታለች። በቅርቡ የወጣው የደራሲዋ የፍቅር ልብ ወለድ ግን ዜማዎቹን ለጊታሪስቱ ሰጥቷቸዋል። እርሱ በፍቅሯ ተቃጥሎ ይደርሳል፤ እርሷ እያለቀሰች ትዘፍናለች።

በመጽሐፉ ምረቃ ላይ ደራሲዋ «ጋሼ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበሩና አስተያየት ይስጡን» አለችኝ። በአደባባይ መናገር ከተውሁ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ ኮቴን ጎተት አድርጋ «ተው፣ ተቀመጥ» አለችኝ። እኔ ግን ተነሣሁ።

«ዜማዎቹን የደረሰችው እርሷ መሆኗን ነግራሻለች። ለምን ለወንዱ ሰጠሽ?»

«ጋሼ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። አንባቢ ፍቅር ይፈልጋል።»

«ፍቅሩን እንደፈለግሽ ፍጠሪ። የለፋችበትን ሥራ ለምን ወሰድሽባት?»

ከኋላ አንዱ «ጋሼ ቀንተው ነው» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ኖሬ አንድ ቀን ብናገር፣ በልብ ወለድ ፍቅር የቀና ሽማግሌ ተደርጌ ተቀመጥሁ። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ስንወጣ አንዲት ወጣት መጽሐፉን እንዳቀፈች ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ጊታሪስቱ አሁን የት ነው ያለው?» አለቻት።

«ይኼኔ የእኔን ዜማ እየደረሰ ይሆናል።»

ልጅቷ ሳቀች። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።