መራራው ካካዎ

አባቴ የማይመር ነገር መድኃኒት ነው ብሎ አያምንም። በኮሶ ያደገ ሰው ነው። ለደም ግፊቱ የማመጣለትን ነጭ ኪኒን ምላሱ ላይ አጣጥሞ፣ «ይኸ ኖራ ነው» ይል ነበር። ግን እኔ ስለምቆጣው ይውጠዋል።

የማስተምረው ዳንግላ ነው። በየወሩ አንድ ቅዳሜዬን ሠውቼ፣ በሚኒባስ እንጅባራ ሄጄ ኪኒኑን እቀበላለሁ፤ ከዚያ በባጃጅና በእግር ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ቤታችን እወጣለሁ። አልዋሽም፤ አባቴን እወደዋለሁ፣ መንገዱን ግን ጠልቼው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከኪኒኑ ጋር አንድ ጣሳ የካካዎ ዱቄት ገዝቼለት ሄድኩ። የካካዎ ፍሬ ለደም ሥር እንደሚጠቅም፣ ግፊትንም ትንሽ ሊቀንስ እንደሚችል ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር። ለአባቴ ሳነብለት «ትንሽ» የምትለዋን ዘለልኳት። መጨረሻው ላይ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እንደማይተካ ተጽፏል፤ እሱንም ዘለልኩት። መምህር ነኝና አፍ አስከፍቼ መደመጥ ደስ ይለኛል።

ያለ ስኳር በጥብጬ ሰጠሁት። ፊቱን አጨማዶ ጨለጠው።

«ይኸስ መድኃኒት ነው! በይ እንግዲህ ኖራሽን ወደዚያ አንሺልኝ።»

«ኪኒኑንማ እንዳይተዉት፣ አባ።»

«ኮሶ የጠጣ ሰው ሌላ መድኃኒት ይደርባል? ሆድ ውስጥ ይጣሉና ሰውየውን ይገድሉታል።»

መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ቅዳሜዬን ነው፤ ኪኒን ከሌለ መንገድም የለም። ከአንገት በላይ ትንሽ ተከራከርኩና «እንዳሉ» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ያቺንም ቅዳሜ እስኪበቃኝ ተኛሁ።

በሦስተኛው ወር ጎረቤታችን ደወለ። አባቴ ፈረሱን ሲጭን ወድቋል። ሆስፒታል ስደርስ አፉ ተጣሟል፣ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም። ሐኪሙ፣ «መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ብለምናቸው እምቢ ብለው ተዉት» አልኩ።

አባቴ ይሰማል፤ ምላሱ ግን አይታዘዘውም። ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ። ሐኪሙ ወደ እሱ ዞሮ፣ «ልጅዎን መስማት ነበረብዎት» ሲለው፣ አፈርኩ እንዳልል አላፈርኩም፤ ቀለለኝ። ያፈርኩት ቆይቶ ነው።

አሁን እኔ ዘንድ ዳንግላ ነው ያለው። ኪኒን ሲያይ ጥርሱን ይነክሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን አድቅቄ ካካዎው ውስጥ እበጠብጥለታለሁ፤ መራራ ነውና ይጠጣል።

ጠያቂ ሲመጣ በደህና እጁ መጀመሪያ ኩባያውን፣ ቀጥሎ እኔን ያሳያል። ደጋግሞ ያሳያል፤ እንባው ይወርዳል። ሰዎቹ፣ «እያመሰገኑሽ ነው፣ የታደልሽ ልጅ» ይሉኛል። እንዳልሆነ እሱና እኔ እናውቃለን። አፉን እየጠረግሁ፣ «አዎ፣ ካካዎ ይወዳሉ» እላቸዋለሁ።